በወንድሜ ድምፅ

«ፓፓ፣ ቁስልህ ዳነ?» አለችኝ። ያለፈው እሁድ ነው። እኔም «ዳነ» አልኳት። ያኔ ምላሴን ቆርጦ የሚጥልልኝ ሰው ቢኖር እገላገል ነበር፤ ግን ማን አለ፣ በዚህ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ ከእኔና ከማሞቂያው ብረት በቀር ማንም የለም። ዛሬም እሁድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ አድሬ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ቤት ገብቼ ተኝቻለሁ፣ ማለቴ ተጋድሜያለሁ፣ እንቅልፍማ በዚህ በር ካለፈ ሳምንት ሆነው። መስኮቷ ከጣሪያው ሥር የተለጠፈች ናት፣ በረዶው ግማሿን ሸፍኗታል፣ በቀረው ግማሽ የሚገባው ብርሃን ዓይን ይወጋል፣ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ብከምረውም አይቀርልኝም። ላይ ቤት ያሉት ሰዎች ቁርስ ላይ ናቸው፤ ወንበር ይጎተታል፣ ልጆቻቸው ይሮጣሉ። ይሩጡ። ልጅ መሮጥ አለበት። የእኔን ልጅ ማን ቁጭ አደረጋት? ደግሞ እኮ የእኔ አይደለችም፣ የወንድሜ ናት። ይኸው ራሴም አምኜዋለሁ ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው፣ አለበለዚያ ይህ ጭንቅላት እያዞረ እዚያው ይመልሰኛል። ወንድሜ ማኬንሰን ሞቷል። ለግድግዳ መናገር አያቅተኝም፤ ሞቷል። ፖርቶፕሬንስ ውስጥ፣ ተወልደን ባደግንበት ሰፈር፣ በሞተር ሳይክል የመጡ ልጆች በገዛ ደጁ ላይ ተኩሰው ገደሉት። ልጆች ነው ያልኩት፤ አንደኛውን ማማ ታውቀዋለች፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተጠበሰ ሙዝ እየሰጠች ያሳደገችው ነው። ጠመንጃውን ማን ሰጣቸው? ከረባት ያሰሩ ሰዎች ሰጧቸው፣ ምርጫ ደረሰ ሲባል ሰፈሩን እንዲይዙላቸው። ምርጫው ቀረ፣ ጠመንጃው ግን አልተመለሰም፣ አሁን እነዚያው ሰዎች ሬዲዮ ላይ ወጥተው «ወንበዴዎች» ይሏቸዋል። ወልደው ሲያበቁ ካዱ። ማኬንሰን የማንም ወገን አልነበረም፣ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ጥፋቱ ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆኑና መንገዱን ከላይ ማየቱ ነው። ቤቱን ፈለጉት፣ አለቀ። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ልጁን ከውሃው በርሜል ኋላ ወሸቃት፣ መዳፉን አፏ ላይ አድርጎ «ዝም በይ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ» አላት፣ ከዚያ እነሱ እንዳይገቡ ብሎ እሱ ወጣ። ይህን የነገረችን በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ የነበረች ጎረቤት ናት፣ ልጅቷንም ያወጣቻት እሷ ናት። በሩ ክፍት ነበር። በርሜሉ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ማማ ግን «አላየችም» ትላለች። ማማ ገበያ ነበረች፤ በምን አወቀች?

ሬሳው አልተነሳም። ያን ዕለት መንገዱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። ማማ ናይካን አዝላ ወደ ደቡብ ወረደች፣ ሌ ካይ ገባች፣ አሁን ከብዙ ቤተሰብ ጋር አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፣ ሰሌዳው ላይ የመደመር ሒሳብ እንደተጻፈ ነው አሉ፣ ማንም አላጠፋውም። ናይካ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞተች፣ አባቷ ደግሞ እንዲህ ሆነ፤ የቀረናት እኛ ነን፣ አንዲት አሮጊትና አንድ አንሶላ አጣቢ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አፏ ተዘጋ። ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ ቃል ግን የለም። ሰው ሁሉ «እንዴት ጨዋ ልጅ ናት» ይል ጀመር። ይህን ስሰማ ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ነበር። ጨዋ! ቤቷ ተቃጥሎ አባቷ ተገድሎ የማትጮህ ልጅ ጨዋ ናት? እኔ በልጅነቴ ዶሮዬ ብትጠፋ ሰፈር እስኪወጣ እጮህ ነበር።

አንድ እሁድ ማማ ደወለች። «ልጄ፣ ‹ፓፓ የት ነው› በሚል ዓይን እያየችኝ ነው፤ አንተ ጋ ሄዷል ብያታለሁ። ካናዳ።» እሺ። ከእኛ አገር ግማሹ ሰው አንድ ቦታ ሄዷል፣ ቺሊ ነው፣ ብራዚል ነው፣ ካናዳ ነው፤ ሕፃን ልጅ «ሄደ» ቢባል አይገርመውም። ተናደድኩ፣ ግን ተውኳት። ከዚያ ድንገት ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት። እኔም ምንም ሳላስብ «ናይካ፣ እንዴት ነሽ?» አልኩ። የእኔና የማኬንሰን ድምፅ አንድ ነው። ልጆች ሳለን ማማ ራሷ ጓዳ ሆና አትለየንም ነበር፣ «የትኛውህ ነህ?» ካላለች አንዳችን ያጠፋነውን ሌላችን እንገረፍበታለን። ፊታችን አይገናኝም፣ እሱ የአባታችንን ቁመት ወሰደ፣ እኔ ጆሮውን፤ ድምፁን ግን እኩል ተካፈልን። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ «ፓፓ?» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ የወጣ የመጀመሪያ ቃል። ከኋላዋ ማማ «ተናገረች፣ ተናገረች» እያለች ስታለቅስ ትሰማኛለች። እንግዲህ ምን ልበል? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? «አቤት የኔ እመቤት» አልኩ። ይኸው ነው። እንዲህ ነው ወንድሜ ካናዳ የገባው፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ሻንጣ፣ በእኔ ጉሮሮ።

ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ሆነ። በረዶ ይበላል ወይ፣ ትጠይቃለች። ይበላል ግን አይጣፍጥም፣ እላለሁ። ሾርባ ሠሩልህ? ሠሩልኝ። እሁድ የዱባ ሾርባ ሳይበላ እንዴት እሁድ ይሆናል፣ እሷ ደግሞ የራሷን ግማሽ ለፓፓ ብላ ታስቀምጣለች፣ ማማ ማታ ለሌላ ልጅ ትሰጠዋለች። ደግሞም ማን ይሰማኛልና ልናገር፤ ወድጄዋለሁ። እዚህ አገር ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ እንኳ የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከማሽን ጋር ስጮህ እሰነብታለሁ፣ እሁድ ሲሆን አንዲት ልጅ «ፓፓ» ትለኛለች። የሞተ ወንድሙን ኮት ለብሶ ሠርግ የሚሄድ ሰው ሆንኩ። ማኬንሰን፣ ሰማኸኝ? ኮትህን ለብሻለሁ። አንተም ደግሞ፣ ምን ነበር አብረሃት ከበርሜሉ ኋላ ብትደበቅ፣ ቤቱን ይውሰዱት፣ ጣሪያው ለአንተ ምን ሊያደርግልህ፣ ምን አስወጣህ? አይ፣ ይቅር በለኝ። ለምን እንደወጣህ አውቃለሁ። ገብተው ቢሆን ኖሮ ያገኟት ነበር። አንተን መቆጣት ይቀለኛል፣ ሌሎቹ እጄ አይደርስባቸውም።

ምክር ፈልጌ ሄጃለሁ፣ አልሄድክም እንዳትሉኝ። እዚህ ሰፈር ጤና ጣቢያ አለ፣ ቁጥር ትቆርጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ቁጥርህ ሲጠራ ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል። በመጨረሻ አንዲት ደግ ፊት ያላት ሴትዮ አስገባችኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፣ በክሬዮልም በፈረንሳይኛም እየተንተባተብኩ። እሷም «ልጅቷ እዚህ ነው የምትኖረው?» አለች። አይደለም። «እንግዲያው ለእሷ መዝገብ መክፈት አንችልም። ለእርስዎ ግን እንችላለን።» እኔ አልታመምኩም፣ አልኩ። «እንቅልፍ ይተኛሉ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ተነሥቼ ቆምኩ። እንቅልፌን ምን ታደርጊዋለሽ፣ እንቅልፌ ምን ጠቀመሽ፣ አፏ ተዘግቶ ስለከረመ የአምስት ዓመት ልጅ ነው እኮ የምነግርሽ። አልተቆጣችም። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ እዚህ አገር ሰው ስትቆጣው መልሶ አይቆጣህም፣ ቁጣህን ተሸክመህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። በሩ ድረስ ሸኝታኝ «ለሕፃን ልጅ ሞት በስሙ ነው የሚነገረው፤ ሄደ፣ ተኛ አይባልም» አለችኝ። «ስሙንማ እኛ እናውቀዋለን፣ የማታውቁት እናንተ ናችሁ» ብያት ወጣሁ። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗን እያወቅኩ ነው የተናገርኳት።

እና ባለፈው እሁድ ያ ጥያቄ መጣ። በረዶውን ጨርሰናል፣ ሾርባውን ጨርሰናል፣ ከዚያ «ፓፓ፣ ቁስልህ ዳነ?» አለች። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። አይታለች። ሲመቱት አይታለች፣ ሲወድቅ አይታለች፣ ደሙን አይታለች፤ ከዚያ ትልልቅ ሰዎች መጥተው የለም አልሞተም፣ ካናዳ ሄዷል አሏት፤ ከዚያ ራሱ ፓፓ በስልክ መጥቶ በረዶ አይጣፍጥም አላት። ታዲያ ምን ታድርግ? ሁለቱን ነገሮች በዚያች ትንሽ ጭንቅላቷ ይዛ ስታገጣጥም ከረመች። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኛ ደግሞ ከዚያም ብሰን ለቀባሪው ሬሳው ይስቃል ብለን ነገርነው። እኔም በዚያ ሰዓት ሌላ ቃል አጥቼ «ዳነ» አልኩ። «አያምም?» «አያምም።» ደስ አላት። በድምፅዋ ታውቋል፣ ደስ አላት።

ትናንት ሚስ ጌርዳ ደወለችልኝ። ሚስ ጌርዳ የሕፃናት መምህርት ናት፣ ከእኛው ሰፈር የተፈናቀለች፣ እዚያ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል ሸራ ወጥራ ትንንሾቹን በየጠዋቱ ትሰበስባለች። ሰው «ልጆች ታጫውታለች» ይላል፣ አፉን ጠመም አድርጎ። ታጫውታለች እንግዲህ። ከበሮ አላት፤ ለልጆቹ በየተራ ትሰጣቸዋለች፣ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በመዳፍ፣ ከዚያ በዱላ፣ ድምፁ እያደገ ይሄዳል፤ የሚያስደነግጠውን ድምፅ ራሱ ልጁ ነው የሚያወጣው፣ ሲፈልግም ራሱ ያቆመዋል። ብዙዎቹ አሁን ነጎድጓድ ሲመጣ አይሸኑም። ናይካ ብቻ ዱላውን አትነካም። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ከአግዳሚው ሥር ትገባለች፣ ብቻዋን አይደለም፣ ያገኘቻቸውን ሕፃናት እየጎተተች፣ መዳፏን አፋቸው ላይ እያደረገች።

«ሙሲዬ ዊልነር፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለች ሚስ ጌርዳ። ቆሜ «ተቀምጫለሁ» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት ናይካ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለበሰች። በፌስታል ብስኩት ያዘች፣ ስታጠራቅመው የከረመችውን፣ ጉንዳን ወሮታል። ከዚያ ወደ ግቢው በር ሄደች። ዘበኛው ጋ።» ዘበኛው ምን አለ፣ አልኩ። «ዘበኛው ጠመንጃ ይይዛል ሙሲዬ። ልጅቷ ፊቱ ቆማ ‹ቶንቶን፣ እኔንም ምታኝ› አለችው።» «ምን አልሽ?» አልኩ፣ እርስዎ ማለቱ ጠፋኝ። «ለትንንሾቹም ነግራቸዋለች። መጀመሪያ ይመቱሃል፣ ከዚያ ትንሽ ያምሃል፣ ከዚያ ካናዳ ትሄዳለህ፣ እዚያ ቁስልህ ይድናል። ማን ነገረሽ ስላት ‹ፓፓ ነግሮኛል› አለች።» ፓፓ ነግሮኛል። እኔ ነኝ ያልኳት። አንዲት ቃል ነው ያልኳት፣ «ዳነ»፣ እሷ ግን መንገድ ሠራችበት።

«ዘበኛው ጠመንጃውን ዛፍ ሥር አስቀምጦ ሲያለቅስ ዋለ፣ እሱ ጥሩ ሰው ነው» አለች ሚስ ጌርዳ። «መንገድ ላይ ያሉት ግን ጥሩ ሰዎች አይደሉም። ነገ ከግቢ ብትወጣ የጠየቀችውን የሚያደርግላት አታጣም።» ማማ ትንገራት እንግዲህ፣ አልኩ። «እናትዎ ቢነግሯት እንዴት ታምናለች? ፓፓ በየሳምንቱ እያናገራት? እርስዎ ቤት ነው ያለው ሙሲዬ፤ መውጣትም ያለበት ከእርስዎ ቤት ነው። የሚጠብቅ ልጅ አይጫወትም። ይህች ልጅ እዚህ ከመጣች ጀምሮ ተጫውታ አታውቅም፣ ስትጠብቅ ነው የኖረችው።» ምን ብዬ ልንገራት፣ አልኩ፣ ድምፄ የማኬንሰንም የእኔም አልመስል ብሎኝ። «አጭር ያድርጉት። ሞተ ይበሉ። ከዚያ የጠየቀችዎትን ይመልሱላት። እኔ አጠገቧ እሆናለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስወጣ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ለማማ ደወልኩ። ዛሬ ልነግራት ነው፣ አልኳት። «ምኑን?» የምታውቂውን። «ተው ልጄ። ዝም አይነቅዝም።» ነቀዘ እኮ ማማ፣ ይኸው ነቀዘ፣ ልጅቷ ግደሉኝ እያለች በር ለበር ስትዞር ሌላ ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቂው? በዚያ እኔ ጥፋት ሳጠፋ በምታወጣው ቀጭን ድምፅ ጀመረች። «አንተ በረዶ ውስጥ ስትኖር ረስተኸዋል። እናቷ ስትሞት በእነዚህ በሁለት እጆቼ የሬሳ ሣጥኗን አሻግሬያታለሁ። ገና እትብቷ አልወደቀም ነበር። ከዚህ ወዲያ አሻገርኳት፣ ይኸው እናቷ አንድ ቀን በሕልሟ እንኳ መጥታባት አታውቅም። የልጄ ሣጥን የታለ? ሣጥን አምጣልኝና ንገራት። ሳትሻገር አባቷ መሞቱን ካወቀች ትጠራዋለች። ከጠራችው ይመጣል። ሲመጣ ብቻውን አይመለስም።»

ይህን አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ሕፃን ልጅ የወላጁን ሣጥን ይሻገራል፣ አንዱ ከዚህ ያነሣዋል፣ ሌላው ከዚያ ይቀበለዋል፣ ሟቹ ልጁን ናፍቆ ይዞት እንዳይሄድ። እኔንም ለአባቴ አሻግረውኛል፣ ማኬንሰንንም፤ የተቀበለኝ አጎት እጅ ትንባሆ ትንባሆ ይል ነበር። ስለዚህ ማማ ሞኝ አይደለችም። የሚያናድደኝም ይህ ነው፣ ሞኝ ብትሆን እገላገል ነበር። የዋሸችው ልጅቷን ልትደብቃት ነው፤ ማኬንሰን ከገዳዮቹ ደበቃት፣ ማማ ደግሞ ከማኬንሰን ደበቀቻት። ማማ፣ አልኳት፣ እየሄደች እኮ ነው፣ ይዟት እንዳይሄድ የምትፈሪው ሰው እኮ ሳይጠራት ራሷ እየሄደች ነው። ካርቶን ፈልጊ፣ ይዘሽው የወጣሽውን የማኬንሰንን ሸሚዝ ክተቺበት፣ አሻግሪያት። «ሰው የሌለበት ሣጥን ዕቃ ነው» አለች። ታዲያ ሸሚዙን ከትራስሽ ሥር አድርገሽ የምታድሪው ምን ስለሆነ ነው? ስልኩን ዘጋችብኝ። እናቴ በሕይወቴ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም።

አሁን ላይ ቤት ልጆቹ ጸጥ ብለዋል፣ ወጥተው መሆን አለበት፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ። ሥራ ቦታ አንድ ሰው አለ፣ ሁልጊዜ «አንተ እድለኛ ነህ፣ እዚህ ነህ» ይለኛል። እዚህ ነኝ። አንሶላ ላይ የሌላ ሰው ደም አያለሁ፣ በሙቅ ውሃ አይለቅም፣ ቀዝቃዛ ነው የሚያስለቅቀው። ልጅቷ ስንት ቀን ቀሚሷ ላይ የአባቷን ደም ይዛ እንደቆየች ጠይቄ አላውቅም። ወንድሜን አላለቀስኩትም እኔም። እርሜን አላወጣሁም። እንዴት ላውጣ፣ በየእሁዱ እየተነሣ ሾርባ በላሁ እያለ? ስልኩ ይጮኻል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ፈለግኩት፣ ወደቀ፣ አነሣሁት፣ የሚስ ጌርዳ ቁጥር ነው።

«ፓፓ?»

ድምፄን ልለውጠው ሞከርኩ፣ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፣ አልተለወጠም። «ናይካ፣ ቶንቶን ዊልነር ነኝ፣ አጎትሽ» አልኩ። «ፓፓን ስጠኝ» አለች ወዲያው። ፓፓ እዚህ የለም። «ሥራ ሄደ?» አለች። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ እኮ። አዎ ሥራ ሄደ ብል አንድ ሳምንት አገኛለሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ፣ እስክታድግ ድረስ፣ ወይም እስክትወጣ ድረስ። «አልሄደም» አልኩ። «ፓፓ ካናዳ መጥቶ አያውቅም። ፓፓ ሞቷል፣ ናይካ። ያን ቀን በሩ ላይ ሲመቱት ሞተ። አንቺ አይተሻል።»

ከሩቅ አውራ ዶሮ ይሰማል። «ያናገረኝስ?» አለች።

«እኔ ነኝ። ድምፃችን ይመሳሰላል። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«ቁስሉስ?»

«አልዳነም።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፣ አጭር አጭር። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ በሚመስል፣ «ዝም ብያለሁ እኮ» አለች። ምን? «ዝም በይ አለኝ፣ ዝም ብያለሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም።» እኔ አልጋው ላይ አልነበርኩም፣ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፣ መቼ እንደወረድኩ አላውቅም። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ ዝም ያለችው ጨዋ ሆና አይደለም፣ ትእዛዙን እያከበረች ነበር፤ እሷ አፏን ከዘጋች እሱ የሚመለስ መስሏት፣ በስልክ እስኪመጣላት ድረስ። «አውቃለሁ» አልኳት። «አሳምረሽ ነው ዝም ያልሽው። እሱም ያውቅ ነበር፣ ዝም ስላልሽ አላገኙሽም። አሁን ግን አብቅቷል የኔ እመቤት። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት የለብሽም። መጮህ ትችያለሽ።»

ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከሰው ልጅ ሰምቼ አላውቅም፣ ከእንዲያ ያለች ትንሽ ደረትም ይወጣል አልልም። ስልኩ ወደቀ፣ ሲንከባለል ይሰማኛል፣ ከዚያ የማማ ድምፅ መጣ፣ «ምን አልካት፣ ልጄን ገደልክብኝ» እያለች፣ ልጄ ያለችው ናይካን ይሁን ማኬንሰንን አልገባኝም። ሚስ ጌርዳ ለማማ «ማዳም ዚሊያ፣ ይተዉአት፣ ትጩህ» ትላለች። ናይካ የሆነ ነገር ትወረውራለች፣ ሌላ ነገር ትወረውራለች፣ ቆርቆሮ ይንጫጫል። ከዚያ ማማ የምትለውን ሰማሁ፤ «ካርቶን። ካርቶን አምጡልኝ። አወቀች እኮ፣ አወቀች፣ ይመጣባታል።» ሚስ ጌርዳ የመጫወቻውን ካርቶን ስትገለብጠው የጠርሙስ ክዳኖቹ መሬት ላይ ሲፈሱ ሰማሁ። ማማ ለጥቂት ጊዜ ጠፋች። ሸሚዙን ይዛ መመለሷን ያወቅኩት ሚስ ጌርዳ «ልጠፈው?» ስትላት፣ እሷ ደግሞ «እኔ አጥፈዋለሁ» ስትል ነው።

«ጌርዳ፣ አንቺ ከወዲያ ቁሚ፣ እኔ ላንሣት» አለች ማማ። «አትንኩኝ» አለች ናይካ፣ ድምፅዋ ተሰንጥቆ። «ራሴ።» ማማ አይሆንም፣ ሕፃን ራሱ አይሻገርም፣ ሰው ነው የሚያሻግረው ስትል ሁለት ትንንሽ እግሮች መሬት ሲመቱ ሰማሁ። «ተመስገን» አለች ማማ፣ «ተሻገረች። በቃ። አበቃ።» ግን ወዲያው እግሮቹ እንደገና መሬት መቱ። «ኧረ አትመለሺ፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት ይህች» እያለች ማማ ትጮኻለች፣ ልጅቷ ደግሞ ወዲያ ትዘላለች፣ ወዲህ ትዘላለች፣ እያለቀሰች፣ እየተሳደበች፣ ከማን እንደተማረችው የማላውቀው ስድብ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ልጅ ድምፅ «እኔም» አለ።

«አንተ ደግሞ ለማን ነው?» አለች ማማ በቁጣ።

«ለእናቴ።»

ያ ግቢ ሣጥን ባላዩ ልጆች የተሞላ ነው፣ ማማም ያን ጊዜ ገና ቀና ብላ ያየቻቸው መሰለኝ። ቁጣዋ አልጠፋም፣ አሁንም ተቆጥታ ነው የተናገረችው፦ «ና እንግዲህ። በዚህ በኩል ቁም። አይደለም፣ እዚህ። እጅህን ስጠኝ፣ ሌላው ይጠብቅ፣ አትጋፉ።» የእግር ድምፅ። ሌላ የእግር ድምፅ። አንድ ሕፃን ሳቀ፣ ማማ «ዝም በል፣ አይሳቅም» አለችው፣ ከዚያ ምን እንዳሰበች አላውቅም «ሳቅ፣ ሳቅ» አለችው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለማሞቂያው ብረት ሰጥቼ፣ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ማኬንሰን፣ ማኬንሰን እያልኩ፣ በራሱ ድምፅ።

ስልኩን አንድ ሰው አነሣው። ትንፋሿ ገና አልተመለሰላትም።

«ቶንቶን።»

«አቤት።»

«ውሸታም ነህ።»

«ነኝ።»

«ተናድጃለሁ።»

«እኔም።»

አፍንጫዋን በእጇ ስትጠርግ ይሰማኛል፣ ከኋላዋ ማማ ለአንዱ ልጅ እግርህን ከፍ አድርግ ትላለች። እንግዲህ ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ፣ መብቷም ነው።

«አትዝጋው» አለችኝ።